የጥሩሸዋ የገብስ ጉድጓድ

«ድፈኚው» አላት ወዳጆ። «የእህል ጉድጓድ አንዴ ውሃ ካለቀሰ አለቀሰ ነው። ገብስሽን ከኔ ጎተራ አስገቢ።»

ወዳጆ ለጥሩሸዋ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ተዝካሩ ከወጣ ወዲህ በዚሁ ነገር ሲዞራት ሁለት ዓመቱ። የመሬቱ ደብተር በስሟ መውጣቱ አልተዋጠለትም። ደብተሩን መንጠቅ አይችልም፤ ዘሯ ከሱ ጎተራ ከገባ ግን፣ ሰኔ ሲገባ መቼ እንደሚዘራ፣ ማን እንደሚያርስ የሚናገረው እሱ ነው። በመንዝ ዘር የያዘ ሰው ሞፈሩንም ይዟል።

ጉድጓዱ ከጓዳዋ ወለል ሥር ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። አምና ያስገባችው ገብስ ሻግቶ ለበግ እንኳ አልሆነም። የዘንድሮው ተወቅቶ በጆንያ ሆኖ ደጅ ይጠብቃታል።

መጀመሪያ አገሩ እንደሚያደርገው ገለባ አቃጠለችበት። ጭሱ ዓይኗን አጠፋው እንጂ ግድግዳው ይባስ አላበው። «እሳትማ ፊቱን ነው የሚያሞቀው» አለችና ድንጋይ አግላ በቆርቆሮ ባልዲ ታወርድ ጀመር። የበረደውን ታወጣለች፣ የጋለውን ትመልሳለች፤ እንዲህ ስትል መሸ።

በማግስቱ የበራ ጧፍ በገመድ ሰደደች፤ የጉድጓድ ትንፋሽ ሰው ይገድላል። ጧፉ ሳይጠፋ ሲቀር ቀሚሷን በመቀነቷ አጥብቃ ወረደች። ጎረቤቷ ተሾመች ከላይ ገመዱን ይዛለች።

«እዚያው ከቀረሽ በጎችሽን የምወርሰው እኔ ነኝ!»

«የከሳችዋን ውሰጂ!»

ጥሩሸዋ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ሦስቱ ወገን ደርቆ እንደ ሸክላ ይንኳኳል። በጓሮ በኩል ያለው ብቻ፣ ከጉልበቷ ከፍታ ላይ፣ ትላንት አድርቃው ዛሬ ረጥቧል። ወሩ ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ይህ ውሃ ከየት መጣ?

ወጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። የወዳጆ ቦይ ከምንጩ መጥቶ ነጭ ሽንኩርቱን ሊያጠጣ የቤቷን ግድግዳ ታክኮ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሻግራዋለች፤ ከጉድጓዷ ጋር ግን አገናኝታው አታውቅም። ዶማ አነሣች።

ውሃው ሲቀርበት ወዳጆ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቦይህን ከቤቴ እያራቅሁ ነው፣ አያ ወዳጆ።»

«የአባቴን ቦይ?»

«አባታችሁ ያወጡት ከዚያ ከኮሶው ማዶ ነው፤ ፈለጉ እንኳ አልጠፋም። መንገድ ላሳጥር ብለህ ግድግዳዬ ሥር ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«ሽማግሌ እሰበስባለሁ!»

«ሰብስብ። አንድ ባንድ ከጉድጓዴ አውርጄ ቦይህ ያረጠበውን ግድግዳ አስዳብሳቸዋለሁ። ቦርጫም የመጣ እንደሆነ ግን ጎትተህ የምታወጣው አንተ ነህ።»

ተሾመች ከአጥሩ ሥር ሳቋን ለቀቀችው። ወዳጆ ወደሷም አየ፣ ወደ ዶማውም አየ። ውሃው በአሮጌው ፈለግ ዞሮ ሽንኩርቱ ዘንድ መድረሱን ሲያይ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ጥሩሸዋ አራት ቀን ድንጋይ አጋለች። ክንዷ ተላጠ፣ ጣቶቿ ተቃጠሉ። ተሾመች «ዘንድሮ እንኳ ተይውና ለከርሞ» ብትላት «ከርሞ የሚመጣው ዘንድሮ ሲያልፍ ነው» አለቻት። በአምስተኛው ጠዋት መዳፏን በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። ደረቅ ነው። በእበትና በአመድ ለቀለቀችው፤ ልቅልቁ ሲደርቅ ጭድ አነጠፈችና ገብሱን ማፍሰስ ጀመረች።

የመጨረሻው ጆንያ ላይ ስትደርስ ወዳጆ የጓዳው በር ላይ ቆሟል።

«እሺ፣ አስገባሽ። ማን ሊያርስልሽ ነው?»

«ዘር ያለው አራሽ አያጣም። አንተም ብትፈልግ የእኩል አራሽ ሆነህ ና፤ የሚዘራበትን ቀን ግን የምነግርህ እኔ ነኝ።»

ወዳጆ ከበሩ አልራቀም። ጥሩሸዋ ወደ ጉድጓዱ መክደኛ ድንጋይ ጎንበስ አለች።

«ቆመህ ከምታየኝ በዚያ በኩል ያዝ።»

ድንጋዩ ከባድ ነበር። ያዘ።