ያላየነው ክፍል

ግራ ጫማዬ የእኔ አለመሆኑ የታወቀኝ ወደ ጅማ ስንመለስ የሰቃን ከተማ ካለፍን በኋላ ነው።

ቀድሞም ጣቴን ሲቆነጥጠኝ ነበር። ብዙ ስለቆምኩ እግሬ አብጦ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ስኳር ቢሆንስ አልኩ፤ እናቴን የጀመራት ከእግሯ ነው። በመጨረሻ አውልቄ ውስጡን አየሁት። የልጄ የሩፈይዳ ነው። ለኢድ ከሄርማታ ገበያ አንድ ዓይነት ጥቁር ጫማ ነው የገዛነው፤ የእሷ በአንድ ቁጥር ያንሳል።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ጫማውን ይዤ ማስላት ጀመርኩ። ልጄ ቀድሞን በሄደው ሚኒባስ ውስጥ ናት ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የእኔን ሰፊ ጫማ አጥልቃ ቢሆን በረንዳው ላይ ሳለች ይታወቃት ነበር። በአንድ እግሯ እየዘለለች መስኮቴ ድረስ መጥታ «እማ፣ የሰው ጫማ ይዘሽ የት ልትሄጂ ነው?» ትለኝ ነበር። አልመጣችም። ስለዚህ ጫማ አላደረገችም። ጫማ ካላደረገች ደግሞ ከዚያ ቤት አልወጣችም።

ያ ቤት ሸቤ ውስጥ ያለ የድሮ የቡና ነጋዴ ቤት ነው፤ አሁን የሥዕል ሙዚየም ሆኗል። ሥዕሎቹን የምትመርጠውና የምትሰቅለው ሰናይት ናት። ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅማ ሰው ሰብስባ፣ በሁለት ሚኒባስ ጭና ወስዳ ታሳያለች። ሩፈይዳ ወር ሙሉ ስትለምነን ቆይታ፣ አባቷ ቲጃኒ እናትሽ አብራሽ ከሄደች ብሎ ፈቀደ። እኔም ከዓይኔ እንደማትጠፋ ቃል ገባሁለት።

እዚያ ስንደርስ ወለሉ ሁሉ ምንጣፍ ነው። ሰናይት በጫማ መግባት ይቻላል ብትልም ማን ይሰማታል? ምንጣፍ በጫማ የሚረግጥ የት አለ። ሁላችንም በረንዳው ላይ አውልቀን ገባን። መስጊድ በር ይመስል ነበር።

የሰናይት አሠራር ግራ የሚያጋባ ነው። ስለ ሥዕሉ ምንም አትነግረንም። አንዱ ፊት ታቆመንና ምን ይታያችኋል ብላ ዝም ትላለች። በመጀመሪያው ክፍል ከአንድ ቤት ፊት ቡና የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ተስሏል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። አንዱ ምሳ ሰዓት ነው አለ፣ ሌላዋ ሰዎቹ ጁምዓ ሄደው ነው አለች። እኔን ስትጠይቀኝ፣ የቤቱ ሰው ሞቷል፣ ሁሉም ለቀብር ወጥቷል አልኩ። ሳቁብኝ። ጎረቤቴ አፊፋማ እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። ሩፈይዳ ሌላ ነገር ልትል ስትጀምር እጅጌዋን ሳብኩት፤ ሰው ፊት ስታወራ ያስፈራኛል።

ሁለተኛውን ክፍል ሳንጨርስ በስተምዕራብ ጠቆረ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ መኪና ይገለበጣል እያልኩ ሁሉንም አጣደፍኳቸው። ሰናይት አንድ ክፍል ይቀረናል ብትልም አብዛኛው ሰው እኔን ሰማ። በረንዳው ላይ እግር በእግር ሆንን፤ ማን የማንን እንዳጠለቀ አይታወቅም። ያ ዝናብ ደግሞ እስካሁን አልጣለም።

ጫማውን እንደያዝኩ ሹፌሩን ቦናን አቁም አልኩት። መስተዋቱን እያየ «ሂን ሶዳቲና፣ አዴ ኩልሱም፣ አይፍሩ። ከነሰናይት ጋር ናት» አለኝ።

የሰናይት ስልክ አይሠራም። የሩፈይዳም አይሠራም። እንደገና ሞከርኩ። አፊፋ ከጎኔ ሆና ለተሳፋሪው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ለኩልሱም ሲያካፋ ጎርፍ ይታያታል፣ ጎርፉ ላይ ደግሞ ሬሳ» አለች። መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔ ጫማውን ጭኔ ላይ አድርጌ መደወሌን ቀጠልኩ።

አንድ ከፍታ ላይ ስንወጣ የሰናይት ስልክ ጠራ። ልጄ አጠገብሽ ናት ወይ አልኳት።

«ከእርስዎ ጋር አይደለችም እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ቦና መኪናውን አዞረ። አፊፋ እጄን ያዘች።

የመመለሻው መንገድ አላልቅ አለ። በሬ ሲሻገር ቆምን፣ ከብቱን የሚነዳው ሰውዬ ሰላምታ ሰጠን። እኔ ሩፈይዳ ስታለቅስ በሐሳቤ ይሰማኛል። የሙዚየሙ ዘበኛ ቆልፎባት ሄዷል። በመስኮት ልትወጣ ስትል ወድቃለች። ወይም ብቻዋን ወደ አስፋልቱ ወጥታ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ ገብታለች። ለቲጃኒ የምናገረውን እንኳ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር፣ የመጀመሪያው ቃል አልወጣ አለኝ። ያ ላጢፍ፣ ያ ላጢፍ እያልኩ አላህን ስለምን ሸቤ ደረስን።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አንድ እግሬ ባዶውን ሆኖ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ድምፅዋን ሰማሁት። ለቅሶ አይደለም፤ ታወራለች። ጮክ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ታወራለች።

ያላየነው ክፍል ውስጥ ነበረች። ዘበኛው ጋሽ ጀማለዲን ቁልፋቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል።

ልመታት ነው እጄን ያነሳሁት። ትከሻዋን ያዝኩት፣ ከዚያ ክንዷን ዳበስኩ፣ ፊቷን አየሁ፤ ምንም አልሆነችም።

«ሌላኛው መኪና የሚጠብቅ መስሎኝ» አለች። «አንድ ደቂቃ ብቻ አይቼ ልወጣ ነበር እኮ፣ እማ። አንቺ ስትቸኩይ አመለጠኝ።»

ጋሽ ጀማለዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ውጪ ብያታለሁ። ይቀመጡ አለችኝ፤ ተቀመጥኩ» አሉኝ።

በዚህ መሃል ሌሎቹም ከኋላዬ ገቡ። ሰናይትም መኪናቸውን አስመልሳ ደረሰች፤ አቧራ ለብሳለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ስትል እኔም ከአንቺ ጋር ናት ብዬ ነው የሄድኩት አልኳት። ሩፈይዳን አቀፈቻት። ከዚያ መጥተን አይቀር ይህንን ክፍል እንየው አለች። ሁሉም እኔን አዩኝ። የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነው፣ መንገዱ ይጨልማል፣ ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። ልጄን ሳያት ዋጥኩት።

ሰናይት ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። ሩፈይዳ ሥዕሉ አጠገብ ቀረች። በቡና ዛፍ መሃል የሚያልፍ ቀይ መንገድ ነው። መንገዱ ላይ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታናለች።

«እማ፣ ለአንቺ ምን ይታይሻል?»

አፊፋ እንኳ አልሳቀችም።

«ብቻዋን እየሄደች ነው» አልኩ። «መመለሷ አይታየኝም።»

ሩፈይዳ ወደ ሥዕሉ ዞራ አየችው፣ የእውነት አየችው። «መሄዷም እኮ አይታይም። እግሮቿን እያቸው፣ ገጥማቸዋለች። ቆማ ነው።» ከዚያ ምን ሰምታ እንደቆመች ሌሎቹን ጠየቀች። አንዱ ወፍ አለ፣ አንዱ መኪና። አፊፋ እናቷ ጠርታት ነው አለች። በየመልሱ ሩፈይዳ ምኑን አይታችሁ ነው ትላለች፤ እነሱም ጠጋ ብለው ያሳያሉ። ሰው ፊት ነው የምታወራው። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። እጅጌዋ በእጄ ርቀት ነበር፤ እጆቼን ብብቴ ውስጥ አስገባኋቸው። እስኪጨርሱም ከመስኮቱ ውጪ ያለውን ሰማይ እያየሁ ቆየሁ።

ሲወጡ ሁሉንም አስቀደምኩ፣ ሩፈይዳንም ፊቴ አደረግኩ። ሰናይት በበረንዳው ላይ የሚቀጥለው ቅዳሜ የሸቤ እናቶች ይመጣሉ፣ በኦሮምኛ የምታስጎበኝ ልጅ እፈልጋለሁ አለችኝ፤ ሩፈይዳ እንዳልሰማች ሆና ሰማች። አባቷን እንጠይቃለን አልኩ። መኪናው በደንብ ይታይ፣ ስልክ ይሞላ፣ በጊዜ ይመለሱ፣ ሌላም ሌላም አልኩ። እምቢ ግን አላልኩም።

ጋሽ ጀማለዲን በሩን ሊዘጉ ሲሉ ይቆዩ አልኳቸው። ራሴን አስገብቼ ወደ ጨለመው ቤት፣ «የቀረ ሰው አለ?» ብዬ ተጣራሁ። እንደገና ተጣራሁ። ቦና ክላክስ አደረገ።

«አሁን ይቆልፉ» አልኳቸው።

ቁልፉን አዞሩት። በሩን በመዳፌ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም።