ለባልዲው ተመስገን

ራዶይካ ጠዋት ጠዋት የምታመሰግነው ጮክ ብላ ነው። ጎረቤት በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ቢሰማት ደንታ የላትም። «ለጣሪያው አላመሰግንህም፣ ጉዱን አንተም ታውቀዋለህ» ትላለች፣ ከሻይ ማፍያው ጀርባ ወዳቆመችው የጌታ ሥዕል ቀና ብላ። «ለባልዲው ግን ተመስገን። ሳይሞላ ነጋ።»

በባሏ ቤት ምስጋና ማለት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አፍ መዝጊያ ነበር። ሚሉን ሳህን ወርውሮ ሲያበቃ «ተመስገን በይ፣ እኔን ባታገኚ የት ትወድቂ ነበር!» ይላታል። አማቷ ስታሜናም ከጓዳ ሆነው «ተመስገን በይና ዝም በይ» ይሏታል። ሚያዝያ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አንድ ነገር ማለች፤ ከእንግዲህ የምታመሰግነው ራሷ ለመረጠችው ነገር ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን የምታመሰግንበት እስኪገኝ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ሳታመሰግን ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። በአገሯ ልማድ እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ የሚያከብረው ቅዱስ አለው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ ሴት ስታገባ የባሏን ታከብራለች። የእነ ሚሉን ቅዱስ ኒኮላ ነው። የአባቷ ግን ሚካኤል ነበር። አባቷ ከእሷ በቀር ልጅ ስላልነበራቸው፣ ከሞቱ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚካኤልን ሻማ ያበራ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ እሷ አበራች።

ችግሩ ለዚህ በዓል ሰው አይጠራም። በሩ ክፍት ይሆናል፣ የፈለገ ራሱ ይመጣል። የበዓሉን ዳቦ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያዞረውም፤ ባለቤትና እንግዳ አብረው ይዘው አዙረው ነው የሚቆርሱት። ሻማው ከማለቁ በፊት አንድ ሰው እንኳ ካልመጣ፣ ሚሉን በየመጠጥ ቤቱ «ሴት ብቻዋን ምን በዓል አላት!» እያለ ያወራው እውነት ሆኖ ሊቀር ነው።

ዳቦውን እንዲባርኩላት የደወለችላቸው ቄስ ጠዋት በስልክ «የቤቱን ጌታ ማን ልበል?» ብለዋት ነበር። «እኔ ነኝ» ስትላቸው ሥራ እንደበዛባቸው ነገሯት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻማው ጣት አክሎ ነበር። ራዶይካ ፈርታለች፣ ከፍርሃቷ ግን ንዴቷ ይበልጣል። ይኼኔ ደረጃው ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አማቷ ነበሩ።

«አሳንሰር እንኳ የሌለው ቤት!» አሉ ስታሜና እያለከለኩ።

«እግርዎ ጠነከረልዎት፤ ተመስገን ይበሉ።»

«ልታዘብሽ ነው የመጣሁት።» ጠረጴዛውን ቃኙና ከዘራቸውን ቀሰሩ። «ይሄ ምንድን ነው? ለሚካኤል ንፍሮ! ንፍሮ ለሞተ ነው፤ መልአክ ይሞታል እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት የኒኮላን ስትቀቅዪ ኖረሽ ይህችን እንኳ አታውቂም?»

የራዶይካ ፊት ጋለ። እጇ ስለለመደ ብቻ ነበር ሳታስብ የቀቀለችው።

«ለአባቴ ነው» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ እውነት መሆኑ ገባት። «ማንም ላላሰበው አባቴ።»

«ወንድ ልጅ የለውማ!»

«እኔ አለሁለት! ሳህን የሚወረውር ልጅዎ ሻማ ለማብራት ከበቃ እኔ ምን ጎደለኝ? ከፈለጉ ዳቦውን ይያዙልኝ። ካልፈለጉ ደረጃውን ያውቁታል።»

ስታሜና አልወጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ ሻማው አዩ።

«የእኛ ቤት ቅዱስ ሉቃስ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአሥራ ስምንት ዓመቴ ዳሩኝ። ወንድሜ በልጅነቱ ሞተ። የሉቃስን ሻማ ካየሁ ስልሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ ማን ያበራለታል?»

«ማን ያበራለታል!»

ተነሡ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ዳቦውን በወዲያ በኩል ያዙ። ሦስት ጊዜ አዞሩት፣ ቆረሱት። «እንኳን አደረሰሽ፣ የቤቱ ጌታ» አሉ ስታሜና። ራዶይካ አለቀሰች፤ እንባዋንም አልደበቀችም።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ሌላ ሻማ አወጣች።

«ሉቃስማ ካለፈ ሦስት ሳምንቱ!» አሉ አሮጊቷ።

«ስልሳ ሁለት ዓመት የጠበቀ ለሦስት ሳምንት አይቀየምም። ያብሩ!»

ክብሪቱ ሁለቴ ጠፋባቸው፣ በሦስተኛው ያዘ። ስታሜና ብርሃኑ ፊት እንደ ልጅ ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

«ምን ብዬ ላመስግን?»

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች ራዶይካ። «ራስዎ ይምረጡ።»