የመርሳው አብሽር

አረብኛዬ ግማሹ ከመርሳ መድረሳ የተቃረመ፣ ግማሹ ከስልክ የተለቀመ ነው። ወልድያ አራት ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ ቀይ ባሕርን ተሻግሬ፣ የጦርነት ቁስለኞች ወደሚታከሙበት የየመን ሆስፒታል የገባሁት በዚህ ስንቅ ነው። ቀጣሪዎቼ "ኢብቲሳም፣ አረብኛ ትችያለሽ?" ሲሉኝ "አሳምሬ!" ብዬ ነበር። አፌ መቼም አይሰንፍም።

ሥራው ያው የነርስ ሥራ ነው፤ ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ መቀየር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ናስርን መጣራት። ሕመም ሲበረታባቸው ደግሞ ማጽናናት። ለዚህ ከአገሬ ይዤው የሄድኩት አንድ ቃል ነበረኝ፤ አብሽር። ወሎ ውስጥ የታመመውንም ያዘነውንም አብሽር እንለዋለን፤ አይዞህ፣ ያልፋል ለማለት ነው። ቃሉ መነሻው አረብኛ ስለሆነ እዚያም ያው ነው ብዬ እንደ ልቤ እበትነው ጀመር።

"ሻይ አማረኝ።"

"አብሽር!"

"ትራሱ ጎረበጠኝ።"

"አብሽር!"

በሳምንቴ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ስገባ በጉጉት ያየኝ ጀመር። ወደዱኝ ብዬ ኮራሁ።

ስድስተኛው አልጋ ላይ ፈንጂ ቀኝ እግራቸውን የጎዳቸው ሽማግሌ ተኝተዋል፤ ሐጂ ዓሪፍ። አንድ ጠዋት እጄን ያዙና "ልጄ፣ እግሬን አታስቆርጪብኝ" አሉኝ። አንሶላቸውን እያቃናሁ "አብሽር፣ ሐጂ" አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን እግሩ ጠቆረ። ዛሬ ካልተቆረጠ ይሞታሉ አለ ዶክተሩ። ሐጂ ግን አልፈርምም አሉ።

"ነርሷ ቃል ገብታልኛለች።"

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። "ለእኔም ሻይ ቃል ገብታልኛለች" አለ ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለው። ናስር ጆሮዬ ሥር መጥቶ አስረዳኝ፤ ለካ እነሱ ዘንድ አብሽር ማለት "እሺ፣ በእኔ ጣለው፣ ይደረግልሃል" ማለት ነው! ሰው የምገድል መሰለኝ።

ኮሪደር ወጥቼ መርሳ ደወልኩ። እናቴ ዘይነባ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀችብኝ።

"አንቺ ሞኝ! በአንድ ቃል ባሕር ተሻገርሽ?" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አባትሽ የሞቱ ጊዜ ስንቱ ሰው አብሽሪ አለኝ። እሳቸውን ማን መለሰልኝ? ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው ነው ያሉኝ። ሂጂ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው።"

ተመልሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሐጂ፣ ቃል መግባቴ አልነበረም። እኛ አገር፣ መርሳ፣ አብሽር የምንለው የምናደርገው ሲጠፋን ነው። እግርዎን ላተርፈው አልችልም። እርስዎ ግን እንዲተርፉልኝ እፈልጋለሁ። ሲነቁም እዚሁ ነኝ።"

ሐጂ ወደ ሦስተኛው አልጋ ዞር አሉ።

"የዚያ ሰውዬ ሻይስ?"

"እሱንም ላመጣው አላሰብኩም ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የሐጂ ጢም ሲነቃነቅ አየሁ። "እስክሪብቶ አምጡ" አሉ። "አንቺ ደግሞ ለሰውዬው ሻዩን አምጪለት።"

ከሰዓት በኋላ ከማደንዘዣው ሲነቁ አጠገባቸው ነበርኩ። ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል ከጉልበት በታች ተኝቷል። እጃቸውን ሰደው ባዶውን ቦታ ዳሰሱት። ያቺን ያለችኝን አንዲት ቃል ፈርቻታለሁ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ፤ የደረቀ ከንፈራቸውንም በምላሳቸው አረጠቡ።

"አብሽሪ፣ ልጄ" አሉኝ። "የመርሳውን ነው ያልኩሽ።"