አለቃ መጨረሻ ይናገር

ወታደር እንደማስተማር ያለ ደስ የሚል ሥራ የለም። ክፍል ስገባ ሁሉም ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሰሌዳው ተጠርጎ፣ ፕሮጀክተሩ በርቶ ይጠብቀኛል። አርፋጅ የለም፣ የቤት ሥራዬን ረሳሁት የሚል የለም። የገዛ ልጆቼ እግራቸውን ከሶፋ ላይ እንዲያወርዱ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምጮኸው ሴትዮ እዚህ ግቢ ስገባ ንግሥት ነኝ። ባለቤቴም ይህን ስለሚያውቅ ጠዋት ከቤት ስወጣ «ሂጂ እንግዲህ ወደሚፈሩሽ» እያለ ይሸኘኛል።

ችግሩ ማንም አይቃወመኝም። ቀመር ለማስተማር ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ለምርምር ግን መርዝ ነው።

ኮሌጃችን የጦር ኮሌጅ ይሁን እንጂ የእኛ ክፍል የንግድ ሥራ አመራር ነው የሚያስተምረው። ሠራዊትም እኮ ይገዛል፣ ያከማቻል፣ ያጓጉዛል፣ ያባክናል። ሦስት ዓመት ተምረው በውጤት ከሁሉም የላቁት ጥቂት ዕጩ መኮንኖች አንድ ዓመት ይጨመርላቸውና እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥናት ይሠራሉ። ጥናቱ በፈታኞች ፊት ካለፈ በላቀ ማዕረግ ተመርቀው ዕቅድ መምሪያ ይመደባሉ፣ የጻፉትም ሥራ ላይ ይውላል። ካላለፈ እንደማንኛውም ሰው ተመርቀው ወደየጦር ክፍላቸው ይሄዳሉ፣ ጥናቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ዘንድሮ እንዳማክራት የተሰጠችኝን ልጅ የክፍሏ ልጆች «አንደኛዋ» ነው የሚሏት፤ ሦስቱንም ዓመት አንደኛ ስለወጣች። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ የጫማዋ አፍንጫ ፊት ያሳያል። ተቀምጣ እንኳን የቆመች ትመስላለች።

ጥናቷ ከግቢያችን አጥር ጀርባ ስላለው የሠራዊቱ ጋራዥ ነበር። የጭነት መኪኖች ተጠግነው በተባለው ቀን የማይወጡት ለምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ጠዋት ጠዋት እየሄደች፣ አሮጌ ጎማ ላይ እየተቀመጠች፣ የመካኒኮቹን ስብሰባ ስትከታተል ከረመች። ስብሰባው እንዲህ ነው። ኃላፊው መጀመሪያ ይነሳና «ይህች መኪና ሐሙስ ትወጣለች» ይላል። ከዚያ መካኒኮቹን በየተራ ይጠይቃል። ሁሉም ሐሙስ ትወጣለች ይላሉ። ሐሙስ ይመጣል፣ ሐሙስ ይሄዳል፣ መኪናዋ እንደተገተረች ናት።

እንዳጋጣሚ ኃላፊው ፈቃድ ወጣና ምክትሉ ተተካ። ምክትሉ ንግግር የማይወድ ሰው ስለሆነ ገና ሳይቀመጥ በዕድሜ ትንሹን መካኒክ «አንተ ምን ትላለህ?» አለው። ልጁም «የፍሬን ሸራው ገና አልመጣም፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ከወጣች ተመስገን ነው» አለ። ሌሎቹም አፋቸው ተከፈተ። መኪናዋ ማክሰኞ ወጣች። ከእሷ በኋላ የመጡትም በተባለላቸው ቀን መውጣት ጀመሩ። አንደኛዋ ይህን ሁሉ በቁጥር አስልታ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን አረጋግጣ፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ አሰፈረችው። መደምደሚያዋ ባጭሩ፣ ስብሰባ ላይ አለቃ መጨረሻ ይናገር የሚል ነው።

አንብቤ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ወሬ አበዛለሁ። «እስቲ አራተኛውን ምዕራፍ አውጥተሽ መለዋወጫው ላይ ብቻ ብታተኩሪስ?» አልኳት፣ እንዲሁ ጮክ ብዬ እያሰብኩ።

በሳምንቱ ምዕራፉ የለም።

ሌላ ቀን ከአንድ አንቀጽ ጎን «ለምን?» ብዬ ብጽፍ አንቀጹን ሰርዛው መጣች። «ይህ ቋንቋ ከበድ አላለም?» ብል ገጹን ሕፃን እንዲያነበው አድርጋ ጻፈችው። ትራስ አክላ የመጣችው ጥናት ከስታ ከስታ የመታወቂያ ወረቀት ልታህል ምንም አልቀራትም። ለባለቤቴ ብነግረው «ታድለሻል፣ እኔን ብታማክሪኝ ኖሮ ይህን ጊዜ ተጣልተናል» ብሎ ሳቀብኝ።

ልቤ ስላላረፈ ልፈትናት ወሰንኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ኅዳግ ላይ «የጭነት መኪኖቹን በብስክሌት ብትተኪያቸውስ?» ብዬ ጻፍኩ። ቀልድ መሆኑን አይታ ትስቃለች፣ ወይ ደግሞ ሴትዮዋ አበደች ብላ ለጓደኞቿ ታወራለች ብዬ ነው።

መጣች። ቁጭ አለች። «ዶክተር፣ ኮሌጁ ውስጥ ያሉት ብስክሌቶች አራት ናቸው» አለችኝ። «ሁለቱ ሰንሰለት የላቸውም። አንዱ የጥበቃ ኃላፊው ልጅ ጋ ነው። ለናሙና ያንሳሉ ብዬ ሰጋሁ፣ ግን ካዘዙኝ እቀጥላለሁ።»

ብስቅም ባለቅስም አይፈረድብኝም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምዕራፉን ለምን አወጣሽው?»

«ስላዘዙኝ ነዋ ዶክተር።»

«መቼ አዘዝኩሽ? ጠየቅሁሽ እንጂ።»

«እኛ ጋ አለቃ ከጠየቀ አዘዘ ማለት ነው።»

«ምዕራፉን አትወጂውም ነበር?»

ይህን ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ። ታላቅ ወንድሟ የሠራዊቱ ሹፌር እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ከዚሁ ጋራዥ «ዝግጁ» የተባለች መኪና ሰጡትና፣ ሰው የማያልፍበት መንገድ ላይ ፍሬኗ እምቢ አለ። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ አሁን የምነግርዎት ወንድም አይኖረኝም ነበር አለች። ደግነቱ ሜዳ ላይ ነበር፤ ብስኩት እየበላና ለራሱ እየዘፈነ የሚያነሳው እስኪመጣ ቆየ። ቤት ሲደርስ «ድምፄ ተሻሽሏል» እያለ ሲያስቃቸው፣ እናታቸው ግን ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ያቺ መኪና ዝግጁ እንዳልሆነች የሚያውቅ መካኒክ ነበር» አለች አንደኛዋ። «ኃላፊው ዝግጁ ናት ስላለ ነው ዝም ያለው። ወደ ምርምሩ ዓመት ታግዬ የገባሁት ይህን ለመጻፍ ነው።»

«ታዲያ እኔ አንድ ቃል ስናገር እንዴት ትጥዪዋለሽ?» አልኳት። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። «ስሚ፣ ፈታኝ ፊት የምትቆሚው ብቻሽን ነው። እዚያ የሚጠየቀው እሺታሽ አይደለም። እስቲ አሁን እኔን እምቢ በዪኝ።»

ብድግ ብላ ተረከዟን ገጠመች። «እምቢ ዶክተር» አለች ኮስተር ብላ።

«ይህም እሺ ማለት ነው እኮ፣ ልጄ» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ቢሮዬ በመጣች ቁጥር ምዕራፉን መልሺው እያልኩ ጨቀጨቅኳት። መለሰችውም፤ እንደውም ከበፊቱ የተሻለ አድርጋ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አምናበት ትመልሰው ወይ እኔ ስላልኳት ትመልሰው ማወቅ አልቻልኩም።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው ፈታኞች ሦስት ነን፤ የኮሌጁ አዛዥ ኮሎኔሉ፣ ከሲቪል ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙ አንድ ፕሮፌሰር፣ እና እኔ። ከሦስታችን ሁለቱ ከተስማማን አለፈች ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ጠዋት ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ «አራተኛው ምዕራፍ ግሩም ነው፣ ለብቻው መታተም ያለበት ነው» ብለውኝ ስለነበር ልቤ ሞልቷል። አንደኛዋ ፕሮጀክተሩ ጎን ቀጥ ብላ ቆማለች።

ገና አፏን ሳትከፍት ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጊዜ እንዳይባክን እኔ ሐሳቤን ላስቀድም» አሉ። «አንብቤዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት። አራተኛው ምዕራፍ ግን ይውጣ። ያን ጋራዥ ስድስት ዓመት መርቼዋለሁ፣ ስብሰባው ላይ አንድም ችግር አይቼ አላውቅም። እሱ ከወጣ ዛሬውኑ እናሳልፋታለን። አይደለም እንዴ ፕሮፌሰር?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እርግጥ ነው፣ ምዕራፉ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል» አሉ። ጠዋት ያነጋገሩኝ እኚሁ ሰውዬ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ዞር ብዬ አየኋቸው።

የኮሎኔሉ ዓይን ወደ እኔ መጣ። እኔ እንግዲህ አማካሪዋ ነኝ። እምቢ ማለት ልመጂ እያልኩ ልጅ ሳሠቃይ የከረምኩት እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ «እንግዲህ ኮሎኔል ካሉ፣ ማሳጠሩም አይከፋም» ሲል ሰማሁት።

ፊቴ ጋለ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። አሁን «እሺ ጌታዬ» ትላለች፣ ትፈርማለች፣ ታልፋለች፣ ዕቅድ መምሪያ ትገባለች። ማን ይፈርድባታል? እኔ ልፈርድባት?

«አልስማማም ጌታዬ» አለች አንደኛዋ።

ድምጿ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ምን አልሽ?» አሉ ኮሎኔሉ።

«ምዕራፉ ከወጣ ጥናቱ የለም ጌታዬ። መለዋወጫ ይዘገያል ለማለት እኔ አላስፈልግም፣ እሱን ዘበኛውም ያውቀዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አራተኛው ምዕራፍ ማለት አሁን እዚህ ክፍል የሆነው ነገር ነው። እርስዎ ቀድመው ተናገሩ፣ ሁለቱ ተከተሉዎት። ዶክተሬ ይህን ምዕራፍ ይወዱታል። መልሺው እያሉ መግቢያ መውጫ ያሳጡኝ እሳቸው ናቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደስታዬ ደግሞ ከሐፍረቴ እኩል ነበር፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሰው ላይ እንደሚመጡ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

ኮሎኔሉ አንገታቸው ቀላ። እስክሪብቷቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«እንደ አዲስ ይጀመር ጌታዬ። እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ። ከዚያ በኋላም ይውጣ ከተባለ ይወድቅብኝ፣ ወደ ጦር ክፍሌ እሄዳለሁ። እኔ ግን አላወጣውም።»

ኮሎኔሉ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ትንሽ ሸሸት አደረጉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። «ቀጥዪ» አሉ።

አቀረበች። መጀመሪያ ላይ ተንተባተበች፣ ጎማው ላይ ተቀምጣ ያየችውን መናገር ስትጀምር ግን ቃሉ እየተከታተለ መጣላት። ስትጨርስ ኮሎኔሉ ቃል ሳይናገሩ በአገጫቸው ወደ ፕሮፌሰሩ አመለከቱ። ፕሮፌሰሩ ውኃ ጠጡ። ከዚያ «እውነቱን ለመናገር ከጥናቱ ሁሉ የሚሻለው እሱ ምዕራፍ ነው» አሉ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው እየተነፈሱ። ቀጥሎ እኔ ነኝ። «ቅድም የተናገርኩትን መልሼ ወስጃለሁ» አልኩ። «ምዕራፉ እንዳለ ይቆይ። ጌታዬ፣ ቅድም የፈራሁት እርስዎን ነው እንጂ ምዕራፉስ ምንም አላጠፋም።»

ኮሎኔሉ ሁለታችንንም ትክ ብለው አዩን። «እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም» አሉ። «ስድስት ዓመት የመራሁት ጋራዥ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አይዋጥም። ግን እናንተ ሁለት፣ እኔ አንድ ነኝ። እዚህ ግቢ ከመጣሁ ተሸንፌ አላውቅም፣ አሁን ሳስበው እሱ ራሱ ጤና አይደለም።» ወረቀቱን ሳቡና ፈረሙ። «አልፈሻል። ምዕራፉን በሁለት ቅጂ ለጋራዡ ላኪልኝ።»

አንደኛዋ ሰላምታ ሰጠች። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር፣ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እኔ ግን በሁለታችንም ፋንታ አለቀስኩ፣ መሐረብ ስፈልግ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ልንነሳ ስንል ኮሎኔሉ «ቆይ» አሉ። «አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከጥናቱ ውጪ ነው።» ኮሎኔሉ በግቢው በቀልዳቸው የታወቁ ሰው ናቸው። አንድም ስብሰባ ያለ ቀልድ አይከፍቱም፣ እኛም ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። «ቀልዶቼስ?» አሉ። «እነሱም ሐሙስ ትወጣለች እንደተባለችው መኪና ናቸው?»

ፕሮፌሰሩ ቦርሳቸውን ይፈልጉ ጀመር። እኔ የውኃውን ጠርሙስ ጽሑፍ ማንበብ ያዝኩ። አንደኛዋ ግን አሰበች፣ የምር አሰበች።

«ናሙናው ትንሽ ነው ጌታዬ» አለች። «እኔ የሰማሁት ሦስቱን ብቻ ነው። አንዱ ያስቃል።»

ኮሎኔሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «የቱ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ንገሪኝ፣ የቱ ነው?»

ነገረቻቸው። ስንት ስብሰባ ላይ ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁበት ቀልድ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።