የመጭመቂያው እጣቢ

ዘይት ጨማቂዋ ጠርሙሱን ከመስኮቱ ላይ ስታጣው ክው አለች።

የዘይት ቤቱ ሕግ ግልጽ ነው። ጉሎ ከተጨመቀ በኋላ ጥቁር አዝሙድ ሲከተል፣ መጀመሪያ የሚወርደው ዘይት የሰው አፍ አይነካም። የጉሎ ፍሬ ዝቃጭ መርዝ ነው፤ በማሽኑ ጥርሶች መካከል የተሸሸገውን ዝቃጭ ጠርጎ የሚያወጣው ይህ ዘይት ነው። ትናንት ራሷ ቀድታ፣ ለበር ማጠፊያ ይሆናል ብላ መስኮቱ ላይ አኖረችው። አባቷ ለጉልበቱ እብጠት የሚወስደውን የአዝሙድ ዘይት ሁልጊዜ የሚያነሳው ከዚያው መስኮት መሆኑን ዘነጋች።

ደወለችለት፤ ስልኩን አያነሳም። ወደ ቤቱ ሮጠች።

ጡረታ የወጣው ሹፌር አባቷ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ጋዜጣ ያነባል።

“አባዬ! ዘይቱን ጠጣህ?”

“ሰላምታ ቀረ ማለት ነው?”

“ጠጣህ ወይ?”

“ጠጣሁ እንጂ! በባዶ ሆዴ፣ እንዳዘዝሽኝ። እንዲያውም ጉልበቴን ቀለል ብሎኛል።”

ጉልበቱን አየችው። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

“ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። የወሰድከው የማሽን እጣቢ ነው፤ መርዝ አለበት።”

ጋዜጣው ከእጁ ወደቀ። “ቆይ… አልጠጣሁም።”

“መርፌ ፈርተህ ነው!”

“በእናትሽ ነፍስ! አንድም ቀን ጠጥቼው አላውቅም። ምሬቱ አንጀቴን ይገለብጠዋል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ተሻለኝ ያልኩሽ።”

ልታምነው ፈለገች፤ ያው አፍ ግን ሁለት ነገር ተናግሯል። “ታዲያ ጠርሙሱ የታለ?”

ሹፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከማዶ ዘወትር የሚሰማው የስፌት መኪና ዛሬ ጸጥ ብሏል።

“ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ነው የምሰጣቸው። ጣታቸው እያበጠ መርፌ መያዝ ቢያቅታቸው…”

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የጎረቤቱን በር ትደበድብ ነበር።

“ምነው፣ እሳት ተነሳ እንዴ?” አሉ ሰፊዋ በሩን ከፍተው።

“እትዬ፣ ዘይቱን ቀመሱት?”

“ቅድም ነዋ። የዛሬው ይለሰልሳል፤ ልደግመው ነበር።”

“ምን ይሰማዎታል?”

“ምንም።”

መልሱ አላሳረፋትም። የጉሎ መርዝ ቶሎ እንደማይታወቅ ታውቃለች። ጠርሙሱን አነሳች፤ ነገሩን እየነገረቻቸው ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸው። ሹፌሩ ግድግዳ እየተደገፈ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ቀድሟቸው ወርዶ ታክሲ አስቁሟል።

“ምን ጠጡ?” አለ ሐኪሙ።

“የአዝሙድ ዘይት ነው እንግዲህ፣ ለእብጠት…” ሲሉ ሰፊዋ ጀመሩ። ሊሸፍኑላት እንደሆነ ገባት።

“አይደለም” አለች ጨማቂዋ፣ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ እያቆመች። “ጉሎ የተጨመቀበት ማሽን እጣቢ ነው። ያለ ምልክት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።”

ሐኪሙ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው። ከታች የረጋውን ዝቃጭ አይቶ ነርሷን ጠራ። “እስኪነጋ ከዚህ አይንቀሳቀሱም። በጊዜ ማወቃችን ይጠቅመናል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።”

ሰፊዋ አልጋው ላይ ጋደም ብለው ሹፌሩን በዓይናቸው ፈለጉት።

“አንተ ሽማግሌ! ከዳንኩ ያንን መራራ ዘይትህን ፊቴ ቁጭ ብለህ ትጠጣዋለህ።”

“ይዳኑልኝ እንጂ በጣሳ እጠጣለሁ።”

ማንም አልሳቀም። ጨማቂዋ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ የሰፊዋን ያበጡ ጣቶች በእጇ ያዘች፤ የመርዙን ምልክት በፊታቸው ላይ እየፈለገች መንጋቱን ትጠብቅ ጀመር።