የመስታወቷ ልባስ

ስሜ ትህትና ነው፤ አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ጠባዬን ገና አላየውም ነበር። ሸዋሮቢት እናቴ ቤት ገለጻዬን ስለማመድ ሰንብቼ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስኩ ነው። ነገ የሦስት ዓመት ጥናቴን ፈታኞች ፊት አቀርባለሁ። ማስረጃዬ ጥፍር የምታክል አንዲት መስታወት ናት። ፊቷ ላይ ከፀጉር ክር በመቶ እጅ የቀጠነ ልባስ አለ፤ በዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር ሲያርፍበት የብርሃኑን የሞገድ ድግግሞሽ እጥፍ አድርጎ አረንጓዴ ብርሃን ያወጣል። ውጭ አገር የተሠራች ናት፤ ሌላ የለኝም።

የጣርማ በርን ዳገት ሳንጀምር ኬላ ላይ አስወረዱን። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ የኔ ሣጥን ደግሞ ሽቦ በሽቦ። ሰዉ ጋሼ ጀምበሬ የሚላቸው ሽማግሌ ሚሊሻ ከፈቱት። አንድ ወታደር ከኋላቸው ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ የኔ ልጅ?»

«ሌዘር ነው ጋሼ፤ የብርሃን መሣሪያ።»

«እስቲ አብሪው።»

ነጭ ወረቀት ፊቱ አቁሜ አበራሁት። ወረቀቱ ላይ ምንም አልታየም።

«የታለ ታዲያ?» ብለው ጨረሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሊያዩ ጎንበስ አሉ።

ጨረሩ ባይታይም ዓይን ያጠፋል። ሳላስበው ግንባራቸውን ገፋሁ። ወታደሩ ጠመንጃውን ደቀነብኝ።

«ዓይንዎን ያጠፋብዎታል፤ ይቅርታ» አልኩ። መስታወቷን ጨረሩ ፊት አቆምኩ፣ በነጠላዬም አጠላሁባት። ወረቀቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ በራች።

«አየኋት» አሉ ጋሼ ጀምበሬ ቀስ ብለው። ወታደሩ ጠመንጃውን አወረደ። እኔም ሌዘሩን አጥፍቼ ሽቦውን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሽማግሌው መስታወቷን አንስተው ወደ ፀሐይ አዞሯት። ልባሱ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ቀለም ያወጣል፤ እድፍ መሰላቸው። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም፤ እሳቸው ደግሞ ጨዋ ሰው ናቸው።

«አቆሸሽንብሽ» ብለው ተነፈሱባት፣ አቧራ በጠጣው ኩታቸው እሽት እሽት አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አፌን እስክከፍት አልቆ ነበር።

ሌዘሩን ዳግም አብርቼ ጨረሩ ፊት አቆምኳት። ነጠላው ሥር ጨለማ ነው፤ ልባሱ ተጠርጎ ወጥቷል።

«ምን ሆነች?» አሉ። ሲደነግጡ አየሁ። ልጮህባቸው ነበር፤ ሣጥኑን ዘጋሁት።

«ባትሪው ደክሞ ነው ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

መኪናው ሲነሳ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ «ተመስገን በይ፣ ምንም ሳይወስዱብሽ» አለችኝ።