ዓይኔን ሳልጨፍን

የጸሎት ቡድናችን አራት ሰው ነው። መሪያችን ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ጸሎቱ አንዴ ከተነሳ እየተነፋ፣ እየተነፋ ከዕቃው ስለሚያልፍ ጋሼ እርሾ እንለዋለን። እሱም ያውቃል፣ አይቀየምም። ሁለተኛዋ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ለእኛ እስከ ዛሬ ቲቸር ናት፣ በጸሎት መሃል ስናዛጋ በክርኗ ትጎስመናለች። ሦስተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፣ የራሱ ቤት ቧንቧ ግን ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ።

እኛ ስንጸልይ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ነው። ደንባችን ነው። እኔ ግን ዓይኔን አልጨፍንም። ጋሼ እርሾ ‹‹እንጸልይ›› ሲል እጄን እሰጣለሁ፣ አንገቴን እደፋለሁ፣ ዓይኔ ክፍት ነው። ምክንያቱን ከቲቸር በቀር የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አልጋውን ከብበን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ጸለይንለት። ረጅም ጸሎት ነበር። አሜን ብለን ስንገልጥ እሱ የለም። እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ፣ ዕድሜዬን አብሮኝ የኖረ ሰው ሲሄድ አላየሁትም።

እግዚአብሔርን አልተውኩትም፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀርቼ አላውቅም። ግን ተቀይሜዋለሁ። ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሰላም እየተባባለ፣ አብሮ እየበላ፣ ውስጥ ውስጡን እንደሚቀያየመው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በጸሎት ሰዓት ዓይኔ አይከደንም።

በዝናቡ ወራት ቧንቧ ሠራተኛው ትርፍ አንጀቱ አሞት ኦፕራሲዮን ሆነ። የተኛው ባለቤቴ በሞተበት ሆስፒታል፣ ባለቤቴ በሞተበት ክፍል ነው። ‹‹አልሄድም›› ልል ፈልጌ ቲቸርን ሳያት አፌ ተያዘ። ሚስቱ ‹‹መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ነው›› ብላ ነግራን ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ ለጠያቂ በሩ ሲከፈት ሦስታችን ቀጥ ብለን ወደ መስኮቱ ሄድን። እዚያ የተኛው ሰው ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናንቧል።

‹‹እንቅልፍ ወስዶታል፤ አንቀስቅሰው›› አለ ጋሼ እርሾ በሹክሹክታ። ‹‹እንዲሁ እንጸልይለት።››

ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጅ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እኔ ያዝኩት። ሻካራ ነው፣ ጠባሳ በጠባሳ ነው፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። የቧንቧ ሠራተኛ እጅም ከዚህ አይሻልም ብዬ አለፍኩት። ጋሼ እርሾ ጀመረ። ‹‹ጌታ ሆይ፣ ይህ ወንድማችን ነው። የምንወደው ነው። ያለ እሱ ቤታችን ይጎድላል፣ ያለ እሱ ማዕዳችን አይሞላም…›› እያለ፣ እየተነፋ ሄደ።

በዚህ መሃል ብርድ ልብሱ ቀስ እያለ ወረደ። ከሥሩ ብቅ ያለው ፊት የእኛ ሰው ፊት አይደለም። ጢሙ የሸበተ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። በዚያ አልጋ ዙሪያ የተገለጠው ዓይን የእሱና የእኔ ብቻ ነበር። ‹‹ኧረ ሰው ተሳስተናል!›› ልል አፌን ስከፍት እጄን ጨበጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። አታስቁሚው ማለቱ ነው። እንባው በጎን ወደ ጆሮው ይወርዳል። እኔ፣ ዝምታን የማላውቀው ሴትዮ፣ ዝም አልኩ። እጁንም አልለቀቅኩም።

ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። ‹‹ኧረ የእግዚአብሔር ያለህ! እኔ እዚህ ነኝ! ኧረ አታስቁኝ፣ ስፌቴ ሊተረተር ነው!›› ቧንቧ ሠራተኛው ነው፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ። ለካ ሌሊት ጣሪያው አልጋው ላይ አፍስሶ ወደ በሩ ገፍተውታል፤ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ይህን ሰው አምጥተው መስኮቱ ሥር አስተኝተውታል። ጋሼ እርሾ ፊቱ ሳይቀር አላበው። ‹‹ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰው ተሳስተን ነው›› አለ። ሰውየው ‹‹ምንም አይደል›› ብሎ እጁን ከእጄ አወጣና መልሶ ተከናነበ። ቧንቧ ሠራተኛው ጋ ሄደን እንደገና ጸለይን። የዚያኛው ጸሎት አጭር ነበር፤ እርሾው አልቋል። የእኔ ዓይን ግን መስኮቱ ሥር ቀርቷል።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው ከሆስፒታል ወጣና እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ሱቄ መጣ። እኔ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር።

‹‹ያ ሰውዬሽ ጣሪያ ሠሪ ነው›› አለኝ። ‹‹ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ደቋል፣ ቁስሉም ተበላሽቷል። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደምህ ገብቶ ይገድልሃል አሉት። እሱ እሺ አይልም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በአንድ እግር ጣሪያ ላይ አይወጣ ነገር፤ ለማን ብዬ ነው የምድነው ይላል።››

‹‹ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?››

‹‹ቆይ ልጨርስ። ሲስተሯ ስትለምነው ምን እንዳላት ታውቂያለሽ? ‹ሰዎቼ ይምጡና እናያለን።› ‹ሰዎችህ እነማን ናቸው?› ብትለው፣ ‹ትናንት እጄን ይዘው የጸለዩልኝ።› የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እሱም ጨንቆት እናንተን ቤተሰብ አደረገ።››

ካውያውን ረስቼው ሱሪው ሸተተ። አነሳሁትና ሁሉንም ነገር ረገምኩ፤ ካውያውን፣ ቧንቧ ሠራተኛውን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ። ‹‹ጋሼ እርሾ ይሂድ፣ ወንድማችን ያለው እሱ ነው›› አልኩ።

‹‹ነግሬዋለሁ። በምን ፊቴ አለ። ደግሞ እጁን የያዝሽው አንቺ ነሽ።››

ሄድኩ። ፈራሁ፣ ተናደድኩ፣ ግን ሄድኩ። ጣሪያ ሠሪው በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል።

‹‹ያን ቆርቆሮ የመታው ሰው እጁን ይቁረጠው›› አለኝ ገና ከመቀመጤ። ‹‹ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው። እሱ ጎድጓዳው ላይ መትቶት፣ ይኸው ውሃው በሚስማሩ ቀዳዳ ይወርዳል። ሌሎቹስ?››

‹‹አፍረው ነው።››

‹‹እርስዎስ አላፈሩም?››

‹‹አንቺ በለኝ፤ እርስዎ ስባል ወገቤን ያመኛል። እኔ ማፈር ከተውኩ ቆይቻለሁ።››

ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፤ የቁስሉ ሽታ ብርድ ልብሱን አልፎ ይመጣል። ‹‹አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ›› አለ። ‹‹ሰውየው ‹ወንድማችን ነው፣ ያለ እሱ ቤታችን ይጎድላል› ያለው ለእኔ ነው ወይስ ለዚያ ሆዱን ይዞ ለሚስቀው?››

ጣፋጭ ውሸት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። እኛ የጸሎት ሰዎች ጣፋጭ ነገር አይቸግረንም። ግን የሚያየኝ በዚያ በትናንቱ ዓይኑ ነው።

‹‹ለእሱ ነው›› አልኩት።

‹‹አውቄዋለሁ።›› ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

‹‹ጸሎቱ ለእሱ ነበር። የያዝኩት እጅ ግን ያንተ ነው። አንተ መሆንህን ካየሁ በኋላም አልለቀቅኩትም።››

ከዚያ ፊቱን ሳይመልስ፣ ‹‹አንቺ ለምን አልጨፈንሽም?›› አለኝ።

ነገርኩት። ‹‹እዚያ ጥግ ያለው አልጋ ነበር›› ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ሰው ሁሉ እንደሚለው እግዚአብሔር ያጽናሽ አላለኝም። ዞር ብሎ አልጋውን አየ፣ ከዚያም እኔን አየ። ‹‹እንዲህ ተቀይመሽው ለምን ትለምኚዋለሽ?›› አለ።

‹‹ማን አለኝና ማንን ልለምን? ቂም እኮ ከቤተሰብ አያስወጣም።››

‹‹እሺ፣ እግሬን ቆረጡኝ እንበል። ከዚያ በኋላ ምን ልሆን ነው?››

‹‹አላውቅም።››

‹‹ለማጽናናት አልነበር የመጣሽው?››

‹‹ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያልለካሁትን አልቀድም። የማውቀውን ልንገርህ። ነገ እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም እመጣለሁ። ዳቦ ጋጋሪያችን ከዳቦ ቤቱ ኋላ ክፍል አለው፤ የሚተኛበት ዱቄት ብቻ ነው። ከዚህ ስትወጣ እዚያ ትገባለህ። ሱሪህንም በመርፌ ቁልፍ ሸብ አድርገህ አትሄድም፤ በልኩ አሳጥሬ እጠርዝልሃለሁ።››

‹‹ግማሽ ሱሪ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ?››

‹‹የእጅ ሥራ ስለሆነ እንዲያውም ይወደዳል።››

ሳቀ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ እኔም ወደ መስኮቱ አየሁ፣ ወንድ ሲያለቅስ ማየት አልወድም። ሜትሬ እንደ ወትሮው አንገቴ ላይ ነበር። አወረድኩና ደህናውን እግሩን ለካሁ። ለክቼ ስጨርስ፣ ‹‹ሲስተሯን ጥሪልኝ›› አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ጋሼ እርሾ ክንዱ ድረስ ሊጥ ውስጥ ነው። የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኩት።

‹‹ክፍሌን ሳትጠይቂኝ ሰጠሽ?››

‹‹አንተስ ሰውየውን ሳትጠይቀው ወንድሜ አላልክም? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሼ።››

ሊጡን ሁለት ሦስቴ ገለበጠው። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቻለሁ፤ የምመልሰው ሁሉ ጥርሴ ላይ ነው። እሱ ግን እጁን በሽርጡ ጠራረገና፣ ‹‹ታዲያ ዱቄቱን የት ላድርሰው?›› አለ። አቅፌው ወጣሁ፤ ቀሚሴ ነጭ በነጭ ሆነ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ጠዋት አራታችንም እዚያ ነበርን፤ ቧንቧ ሠራተኛውም ጭምር፣ አሁንም እንደጎበጠ። ጣሪያ ሠሪውን በሚገፋው አልጋ ላይ አድርገውታል። ጋሼ እርሾ ጎንበስ ብሎ፣ ‹‹ወንድሜ፣ ያን ቀን ሳልጠይቅህ ነው የጸለይኩት። ስምህን ማን ልበል?›› አለው። ነገረው። ጋሼ እርሾም ዓይኑን ገልጦ፣ ፊቱን እያየ፣ ስሙን እየጠራ ጸለየ። ዓይኑን ስለገለጠ የሲስተሯን መቸኮል አየ መሰለኝ፣ ሳይነፋው ጨረሰ።

ጣሪያ ሠሪው እኔን ይፈልጋል። ‹‹አሁንም አልጨፈንሽም›› አለኝ።

‹‹አንተ ስትመለስ እጨፍናለሁ።››

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ገፍተው አስገቡት፤ በሩ ተዘጋ፣ ቃሌ ግን ውጭ ቀረ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሱሪውን ይዤ መጥቼ ነበር፤ አንዱን እግር አጥፌ በእጄ መጠረዝ ጀመርኩ። ቲቸር ‹‹ምናልባት ካልተመለሰ…›› ብላ ጀምራ ተወችው። እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። በየስፌቱ መሃል ለማኝ እንኳ በማይለምንበት ቋንቋ ለመንኩ፤ ‹‹ይህንን ደግሞ ከእጄ ብትወስደው…›› ብዬ ጀምሬ፣ መጨረሻውን ማስፈራራት ላድርገው ልመና ሳልወስን ክሩ አለቀብኝ።

ሲስተሯ ወጥታ ‹‹ሰዎቹ እናንተ ናችሁ? ግቡ፣ ነቅቷል›› አለችን።

መስኮቱ ሥር መልሰውታል። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል፤ ሁላችንም አየን፣ ሁላችንም እንዳላየ ሆንን። ፊቱ እንደ ጨርቅ ነጥቷል። ጋሼ እርሾ ማመስገን ጀመረ፣ ዓይኑን ገልጦ። እኔ ያንኑ ሻካራ እጅ ይዣለሁ። ጣሪያ ሠሪው አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠና፣ ምላሱ በመድኃኒቱ እየተሳሰረ፣ ‹‹ተመለስኩ አይደል? ጨፍኚ እንግዲህ›› አለኝ።

‹‹እፈራለሁ።››

‹‹ጨፍኚ። እኔ አያለሁ።››

ጨፈንኩ። ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የመጣው የባለቤቴ እጅ ነው፤ ሙቀቱ፣ ከዚያም መቀዝቀዙ። ‹‹ከአንተ ጋር ተኳርፌ ደከመኝ፣ ጌታ›› አልኩ በልቤ፤ እንባዬ በተከደነው ዓይኔ ሥር ወረደ። ጋሼ እርሾ ዛሬ እርሾው ተመልሶለት ተነፋ፣ ተነፋ፤ ለሲስተሯ፣ ለሐኪሙ፣ ለሚያፈሰው ጣሪያ ሳይቀር ጸለየ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ባይጨርስ ብዬ ተመኘሁ። በመጨረሻ አሜን ተባለ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔ ዓይኔን ለመግለጥ ፈራሁ።

ሻካራው እጅ እጄን ጨበጥ አደረገው።

‹‹አለሁ›› አለኝ።